የውሃ ቁንጫዎች እናት

ሊኔያ የደወለችው ለማመስገን ነበር።

«ወይዘሮ ሃሪየት፣ መብራቱን አብርተው ስለተዉልኝ አመሰግናለሁ» አለች፣ ጓንቷን በጥርሷ እየሳበች። «ጠዋት ስገባ ቤቱ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ደግ አስበዋል።»

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት አሽሙር ነው?» አለች ሃሪየት። «ባዶ ቤት ውስጥ መብራት አብርቼ እሄዳለሁ? አንቺው ረስተሽ ሄደሽ በእኔ ታላክኪያለሽ?»

«አይ፣ እኔ እኮ...»

«እኔ እዚያ ቤት ከገባሁ ስንት ጊዜዬ! እሱን ተይውና ዓሣዋ እንዴት ናት? ልጆቿን አሳድጋ አልጨረሰችም?»

«ገና ናት።»

«ገና፣ ገና፣ ገና! ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ እኮ ነገራችን» ብላ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ሊኔያ ስልኳን እንደያዘች ሳሎኑ መሃል ቀረች። እስከምታውቀው ድረስ የቤቱ ቁልፍ ያለው በእሷና በሃሪየት እጅ ብቻ ነው። አረንጓዴ ቆብ ያለው መብራት ግን ከሟቿ የሃሪየት እናት፣ ከወይዘሮ አውጉስታ ወንበር አጠገብ ቦግ ብሎ በርቷል። እሷ አላበራችውም። ከመስኮቱ ውጭ የሱፒሪየር ሐይቅ በረዶ ከሥሩ እየተሰነጠቀ እንደ ታማሚ ሰው በረጅሙ ቃተተ። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ድምፅ ነው፤ ዛሬ ግን ማጅራቷ ላይ ብርድ ለቀቀባት።

*

ቤቱ የሃርግሬቮች ነው። ድሮ ቤተሰቡ የብረት ማዕድን የሚያመላልሱ መርከቦች ነበሩት። የሊኔያ አባት ደግሞ ዕድሜውን የፈጀው በዚያው በሐይቁ ዳር ባለችው የአሜሪካ ከተማ በዱሉዝ፣ በከተማው ምዕራብ ጫፍ ባለው ወደብ፣ እነዚያኑ መርከቦች ሲጭን ነው። መርከቦቹ ተሸጠው አለቁ፤ ሐይቁ ዳር ያለው የድንጋይ ቤትና ኩራቱ ቀሩ።

ሊኔያን ወደዚህ ቤት ያስገቧት ዓሣዎች ናቸው። የምትሠራው መነጽር ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ስትመረምር ትውላለች፤ ከሥራ ስትወጣ ግን የሰው ዓይን ማየት ያሳፍራታል። ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች በየወሩ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ በሚሰበሰቡበት ማኅበር ከሁሉም ኋላ ትቀመጥ ነበር። ወይዘሮ አውጉስታ ሃርግሬቭ አንድ ቀን ከዘራቸውን ተደግፈው አጠገቧ መጥተው ተቀመጡና፣ «አንቺ ልጅ፣ የኔን ቢጫ ሳታዪ እንዳትሞቺ» አሏት። ወዳጅነታቸው በዚያ ተጀመረ።

ቢጫዋ ሲክሊድ ከሚባሉት ድንክ ዓሣዎች አንዷ ናት። ባሏ እንደ አውራ ዶሮ ጉትያ ያለው ሲሆን እሷ ግማሹን አታክልም። በአዘቦቱ ግራጫ ናት። እንቁላሏን በተደፋ የኮኮናት ቅርፊት ጣሪያ ላይ ለጥፋ መጠበቅ ስትጀምር ግን እንደ አደይ አበባ ቢጫ ትሆናለች፤ ጥቁሮቹ ክንፎቿ ይደምቃሉ፤ በመጠኗ አሥር እጥፍ የሚሆን ዓሣ ቢመጣባት ታባርራለች። በዚያ ገንዳ ውስጥ ሌሎችም ይኖራሉ፤ በመንጋ የሚሄዱ ቀይ ጭራዎች፣ ወለል ለወለል የሚያሸቱ ትንንሽ አምባዛዎች። አምባዛዎቹ በጨለማ የሌላ ዓሣ ልጅ አይምሩም።

«ለብቻዋ ገንዳ ብንሰጣት እኮ ልጆቿ ይተርፋሉ» ስትላቸው፣ ወይዘሮ አውጉስታ ይስቁ ነበር። «ለብቻ ተዘግቶ ልጅ ማሳደግማ ማንም ያሳድጋል። ቁም ነገሩ ጎረቤት መሃል ማሳደጉ ነው።»

በውሃው ሙቀትም ዘወትር ይጨቃጨቃሉ። ሊኔያ ማሞቂያውን ዝቅ ታደርጋለች፤ ወይዘሮ አውጉስታ «አንቺ የአሮጌ አጥንት ብርድ መቼ ታውቂና!» እያሉ ከፍ ያደርጉታል።

አንሰልን ያወቀችው በዚሁ ገንዳ ፊት ነው። የወይዘሮ አውጉስታ የመጨረሻ ልጅ፣ የሃሪየት ታናሽ። ቤተሰቡ መርከብ ባይቀረውም እሱ በሌላ ሰው መርከብ ላይ መኮንን ሆኖ ሐይቁን ያቋርጣል። ሁለቱም ዓይነ አፋሮች ስለነበሩ ዓሣ እያዩ ነው የተዋደዱት። ፊት ለፊት መተያየቱ ሲከብዳቸው በገንዳው መስታወት ውስጥ ይተያያሉ፤ ቀይ ጭራዎቹ በፊታቸው መሃል ያልፋሉ። ባለፈው የጸደይ ወራት፣ መርከቡ ሊነሳ ሲል፣ አንሰል መስታወቱን እያየ «ሊኔያ፣ ታገቢኛለሽ?» አላት።

ልቧ እሺ ብሎ ነበር። ግን ከዚያ ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ስታጣጥብ፣ ሃሪየት ከጀርባዋ ቆማ «በዓሣ ገንዳ በኩል ገብተው ቤቱን ይዘው የሚወጡ ሰዎች አሉ» ብላት ነበር። ያ ቃል ትዝ አላት። «ጊዜ ስጠኝ» አለችው ለአንሰል። እሱ ይህን እንደ ጨዋ ሰው እምቢታ ቆጠረው። ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

ወይዘሮ አውጉስታ በመከር፣ የኦክ ዛፍ ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን አረፉ። ቀብሩ ላይ አንሰልና ሊኔያ ሬሳ ሳጥኑን መሃል አድርገው ቆሙ፤ ቃል አልተለዋወጡም። ከዚያ ሃሪየት፣ ወንድሟ የበረዶውን ወራት ሌላ ከተማ፣ ክሊቭላንድ፣ እንደሚያሳልፍ፣ እዚያም የአንድ መርከብ ባለቤት ልጅ «ጨዋታዋ እንደሚስማማው» ለሊኔያ ነገረቻት። እንዲሁ በጨዋታ መሃል፣ ኮቷን እየለበሰች።

የቀረው ቁልፉ ብቻ ነበር። ማኅበሩ አንድ ልማድ አለው። አባል ሲሞት ዓሣዎቹን ይከፋፈሏቸዋል፤ ልጅ የያዘች እናት ግን ከውሃዋ አትነሳም። ወይዘሮ አውጉስታ ሊሞቱ ሲሉ የሃሪየትን እጅ ይዘው ይህንኑ አስምለዋታል። ሃሪየት ደግነት ይጉደላት እንጂ ቃል አይጎድላትም። ቤቱን ለመሸጥ ብትቸኩልም ቢጫዋ ልጅ እስካላት ድረስ ገንዳውን አትነካም፤ ሊኔያም በየጠዋቱ ከሥራ በፊት እየገባች ትጠብቃለች። ቢጫዋ ልጅ ያጣች ዕለት ገንዳው ይነሳል፤ ቁልፉ ይመለሳል፤ ሊኔያ አንሰል የሚባል ሰው የኖረበትን ቤት ደጃፍ ዳግመኛ አትረግጥም። ይህን ስታስብ ቁልፉን በኪሷ ውስጥ እስኪሞቅ ድረስ ትጨብጠዋለች።

*

ከመብራቱም በፊት እንግዳ ነገር የጀመረው በማሞቂያው ነበር። ጠዋት ዝቅ አድርጋው ትሄዳለች፤ በማግስቱ ከፍ ብሎ ታገኘዋለች፣ ልክ ወይዘሮ አውጉስታ ይወዱት በነበረው መጠን። ተበላሽቷል ብላ በአዲስ ለወጠችው። አዲሱም ከፍ አለ።

ቀጥሎ ቅጠሉ መጣ። ወይዘሮ አውጉስታ ውሃው እንደ ሻይ እንዲጠቁር የደረቀ የኦክ ቅጠል ይጨምሩ ነበር፤ የቅጠሉ ቆርቆሮ አሁንም ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ አለ። ደረቅ ቅጠል ውሃ ጠጥቶ እስኪሰምጥ ይቆያል። አንድ ጠዋት አንድ ቅጠል ገና አልሰመጠም፤ በውሃው ፊት ላይ ቀስ እያለ ይሽከረከራል፤ አሁን የለቀቀው እጅ ገና ያልራቀ ይመስላል። ሊኔያ ቆርቆሮውን ነክታው አታውቅም።

ከመብራቱ በኋላ ደግሞ ወንበሩን ማየት ጀመረች። የወይዘሮ አውጉስታ ወንበር ትራስ ሰው እንደተነሳበት ጎድጉዷል። ዳብሳ አስተካክላው ሄደች። በማግስቱ መልሶ ጎደጎደ።

ከሁሉም ያስፈራት ግን የዓሣዎቹ ነገር ነው። ዓሣ የሚያበላውን ሰው ያውቃል፤ ገና ጥላውን ሲያይ ወደ መስታወቱ ይሰበሰባል። አንድ ቀን በሩን ከፍታ ስትገባ ሁሉም፣ ቀይ ጭራዎቹም ባለ ጉትያው ባልም፣ በአንድ ጥግ ተሰብስበው ቆመዋል። ወደ እሷ አይደለም። ወደ ባዶው ወንበር ዞረው ነው። የገንዳውን ክዳን ስትከፍት አልተንቀሳቀሱም። ምግቡን ስታነሳ አልተንቀሳቀሱም።

«ወይዘሮ አውጉስታ?» አለች፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

መልስ እንዳይመጣ ፈራች፤ እንዲመጣም ፈራች። ሐይቁ ብቻ ከታች ቃተተ። ለማንም አልተናገረችም። ለሃሪየት ብትነግራት «አብደሻል» ብላ ቁልፉን ትቀበላታለች። ደግሞስ የሞተ ሰው የሚወደው ቤት ቢመላለስ ማን ይከለክለዋል? ትንሽ ቆይታ ከወንበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ብቻዋን አለመሆኗ ከሚያስፈራት ይልቅ የሚያጽናናት በዛ።

*

በዚያው ሰሞን የቢጫዋ ልጆች አለቁ። ሊኔያ አንድ ጠዋት ስትገባ አንድም አልቀረም። አምባዛዎቹ ሆዳቸው ተነፍቶ ጥግ ላይ ተጋድመዋል። እናቲቱ ግን ቢጫነቷ አልለቀቃትም፤ ባዶውን ቅርፊት ትዞራለች፣ ትገባለች፣ ትወጣለች።

ሊኔያ ለሃሪየት መደወል ነበረባት። ዛሬ ነገ ስትል አንድ ጠዋት ሃሪየት ራሷ ቤቱን ለሚገዙ ሰዎች ልታሳይ መጣች። ሰዎቹ ገና አልደረሱም። ሊኔያ ቀድማ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ገንዳው ፊት ቆማለች፤ የምትለውን በሆዷ ስትደጋግም ነበር። ድንገት ቀና ብላ አየች።

ቢጫዋ በልጆች ተከባለች። ትንንሽ ነጠብጣቦች፣ እንደ ደመና ተጠጋግተው፣ በዙሪያዋ ይርመሰመሳሉ። ትመራቸዋለች፣ የራቀውን እየተከተለች ትመልሳለች። ሊኔያ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ሃሪየት በረዶ የያዘ ጫማዋን እያራገፈች ከበሩ አንገቷን አሰገገች። «አሁንም አሏት?» አለች በሰለቸ ድምፅ። «ይኸው ይታየኛል። በቃ፣ ሰዎቹን ሌላ ጊዜ እላቸዋለሁ። እናቴ ከመቃብርም ሆና አላስኖር አለችኝ!»

ሊኔያ ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋች። የዓሣ ልጅ ቀጥ ብሎ ነው የሚዋኘው። እነዚህ ግን ይዘላሉ። ወደ ላይ ፈንጠር፣ ወደ ታች ወረድ፣ ደግሞ ፈንጠር።

የውሃ ቁንጫዎች ናቸው። ለዓሣ የሚሰጥ ምግብ።

ቢጫዋ አንዱን ቁንጫ በአፏ ያዘች። ሆዷ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከከሳች ሰንብታለች። ምግቧ አፏ ውስጥ ነው፤ ግን አልዋጠችም። ይዛው ወደ ቅርፊቱ ገባችና ልጇን እንደምታስተኛ ሁሉ ቀስ ብላ ተፋችው። ቁንጫው ፈንጠር ብሎ ወጣ። እሷም ተከትላው ወጣች።

ሊኔያ ኪሷ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች፤ ስንት ጠዋት እንደዚህ እንደጨበጠችው አሰበች። ዝም ብትል ሃሪየት በሩን ዘግታ ትሄዳለች። መናገር እንኳ አይጠበቅባትም፤ ዝም ማለት ብቻ።

«ወይዘሮ ሃሪየት» አለች። «ልጆቿ አይደሉም።»

«ምን አልሽ?»

«ልጆቿ አልቀዋል። እነዚህ የውሃ ቁንጫዎች ናቸው። ልጆቼ ብላ ይዛቸዋለች።» ቁልፉን አውጥታ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። «ቃልዎን ፈጽመዋል። ገንዳውን ማንሳት ይችላሉ።»

ሃሪየት ገባች። ጎንበስ ብላ ገንዳውን ለረጅም ጊዜ አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ችኮላ ጥቂት በጥቂት ጠፋ።

«እማዬ መጨረሻ ላይ እንዲህ ነበረች» አለች። «ትራሷን አቅፋ አንሰል ነው ትል ነበር። ልጄ በረደው፣ አልብሱት ትለኛለች። አጠገቧ የቆምኩት እኔ። ያጠብኳት እኔ።» አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። «ለምን ነገርሽኝ? እኔ እንደሆን ዓሣና ቁንጫ አልለይ።»

«አላውቅም። አንጀቴን በላችው።»

«ሞኝ ነሽ» አለች ሃሪየት፤ አነጋገሯ ግን የስድብ አልነበረም። «እንግዲህ አንቺ እውነት ከተናገርሽ እኔም ልናገር። ቃል አላፈርስም፤ ውሸት ግን አንዴ ዋሽቼሻለሁ። አንሰል ክሊቭላንድ አልሄደም። መርከቡ ሐይቁ እስኪፈታ እዚሁ ወደብ ታስሯል፤ ጠባቂ ሆኖ ውስጡ ነው የሚያድረው። የባለ መርከብ ልጅ የሚባል ነገርም የለም። ከእኔ ጋር ከተነጋገረ ቆይቷል፤ ያን ጊዜ ወጥ ቤት ያልኩሽን እማዬ ሰምታ ኖሮ ነግራዋለች።»

ሊኔያ ወንበሩን ያዘች።

«ቁንጫዎቹን ማን ጨመራቸው ታዲያ?» አለች ሃሪየት። «አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እኔ ቁንጫ እነካለሁ? በስመ አብ!»

ሁለቱ ሴቶች መጀመሪያ እርስ በርሳቸው፣ ቀጥሎ አረንጓዴውን መብራት አዩ። በጠራራ ጠዋት በርቷል። ሃሪየት ቁልፉን ከመስኮቱ ደፍ አንስታ የሊኔያ እጅ ውስጥ መልሳ አስጨበጠቻትና «ማን እንደሚመጣ አንቺው ጠብቂ» አለቻት። ሊኔያ ለዓመታት የፈራቻትን ይህችን ሴት በዚያች ቅጽበት ወደደቻት።

*

ከሥራ ቀርታ ቤቱ ውስጥ ዋለች። መብራቱን አጠፋችና በወይዘሮ አውጉስታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በትራሱ ጉድጓድ ውስጥ። ጭጋጉ ከሐይቁ ተነስቶ መስኮቱን አለበሰው፤ ገና ከሰዓት በኋላ ሳለ ሳሎኑ ደነገዘ። ማንን እንደምትጠብቅ እርግጠኛ አልነበረችም። ከሁለቱ አንዳቸውን ነው፤ አንዳቸው ሞተዋል፣ አንዱ አይፈልጋትም።

ዓሣዎቹ ቀድመው ሰሙ። ሁሉም በአንድነት ፊታቸውን ከእሷ አዙረው ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ተመለከቱ።

ከታች፣ በሐይቁ በኩል ካለው በር፣ ማጠፊያ ሲንሳጠጥ ተሰማ። ቀጥሎ እርምጃ። ቀስ ያለ፣ እያንዳንዱን ደረጃ የሚያውቅ እርምጃ። ሊኔያ መተንፈስ አቆመች።

አንድ ረጅም ጥላ በሩ ላይ ቆመ። በአንድ እጁ ባልዲ፣ በሌላው ብልቃጥ ይዟል። ወንበሩ ላይ ሰው ሲያይ ክው አለ፤ ባልዲው ወለሉን መታ።

«እማዬ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ሊኔያ።

አንሰል ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ጢሙ ላይ አመዳይ አለ፤ ከስቷል። «አስደነገጥሽኝ» አለ። «መልክሽ... ወንበሩ ላይ... አንቺ ጠዋት ነው የምትመጪው።»

«ታውቅ ነበር?»

«በየቀኑ። የሐይቁ በኩል በር ቁልፍ ከልጅነቴ ጀምሮ እኔ ጋ ነው።» ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ውስጡ ቁንጫዎች ይፈነጥዛሉ። «እናቴ ምድር ቤት ያስቀመጠችው በርሜል ውስጥ ጥቂት ቀርተው አገኘሁ። በረዶ አቅልጬ ንጹሕ ውሃ አመጣላታለሁ፣ አሞቅላታለሁ። እናቴ እንዲህ ከተደረገላት ትወልዳለች ትል ነበር።»

«ለምን?»

አንሰል መስታወቱን አየ። «ልጅ ከሌላት ቁልፉን ትመልሻለሽ።»

ሊኔያ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ መዳፏ ላይ አየችው።

«መርከቡ ውስጥ ብቻዬን ነኝ» ሲል ቀጠለ። «በረዶው ብረቱን ሲጨምቀው ሰው የሚያለቅስ ይመስላል። ከሰዓት ሲሆን እዚህ መጥቼ እቀመጣለሁ። ማሞቂያውን ስነካ ዝቅ ብሏል። ሊኔያ ዛሬም መጥታ ነበር እላለሁ። ከፍ አደርገዋለሁ። በማግስቱ ደግሞ ዝቅ ብሏል። የበረዶውን ወራት በሙሉ ከአንቺ ጋር የተነጋገርኩት በሱ ነው። ሌላ ምንም ቃል አልነበረኝም።»

«እኔ እናትህ መስለውኝ ነበር» አለች፤ እንባዋ ቀድሟት ወረደ። «እየፈራሁ... መልሼ ዝቅ አደርገው ነበር።»

«እንደ ድሮሽ። ከሞተችም በኋላ አትለቂያትም!»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ባዶው ቤት ውስጥ እንግዳ ሆኖ ተሰማ። ቢጫዋ ከቅርፊቷ ወጥታ የጠፉባትን ቁንጫዎች ውሃው ውስጥ ትፈልጋለች።

«ትበላቸዋለች ብዬ ነው የሰጠኋት» አለ አንሰል በሹክሹክታ። «አልበላቻቸውም። እያየኋት... ሊኔያ፣ እሷን አይቼ ነው ነገ አልመጣም ያልኩት። የሌለ ነገር እየጠበቅኩ መሰለኝ። ዛሬ ልሰናበታት ነው የመጣሁት።»

ሊኔያ ተነሳች። ሁለቱም እንደ ልማዳቸው በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ፤ ቀይ ጭራዎቹ በፊታቸው መሃል አለፉ። ከዚያ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ዞራ ዓይኑን አየች።

«ጊዜ ስጠኝ ብዬህ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር።»

«እምቢ አላልኩህም። ጊዜ ነው ያልኩት። ሰጠኸኝ፤ በቃኝ።»

አንሰል እጇን ያዘ። የሐይቁ በረዶ ያቀዘቀዘው እጅ ነበር፤ እሷ ግን ሙቀት ተሰማት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ቆይታ። «መብራቱን ለምን ታበራዋለህ?»

«የቱን መብራት?»

«ይሄን። በየጠዋቱ በርቶ ነው የማገኘው።»

አንሰል አረንጓዴውን መብራት፣ ቀጥሎ እሷን አየ። «እኔ እኮ ሰው እንዳያየኝ በጨለማ ነው የምቀመጠው» አለ። «ነክቼው አላውቅም።»

ሐይቁ ቃተተ። ሊኔያ ልትፈራ ፈልጋ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን አልመጣም። የእጁን ጣቶች አጥብቃ ያዘች።

*

በማግስቱ ሦስቱ ሆነው ገንዳውን ባልዲ በባልዲ አራገፉት። ሊኔያ «ወይዘሮ ሃሪየት፣ ይቺን ይያዙልኝ» ስትል፣ ሃሪየት «አንቺ በይኝ፤ እርስዎ እያልሽ ከዕድሜዬ በላይ አታስረጂኝ» አለቻት። ቢጫዋን ከነቅርፊቷ፣ በራሷ ውሃ፣ ወደ ሊኔያ ቤት ወሰዷት። መንገዱን ሁሉ አንሰል ባልዲውን ኮቱ ውስጥ አቅፎ ነበር። ከመውጣታቸው በፊት ሃሪየት እንደገና በርቶ የነበረውን አረንጓዴ መብራት ለማጥፋት ተመለሰች፤ እጇን ዘርግታ ጥቂት ቆመችና ሳታጠፋው ወጥታ በሩን ቆለፈች።